ስለ አሮጌው ባለ ዙም ሌንስ አጠቃቀም

ጥር 11 ቀን በጎንደር ከተማ በዐፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት የሚፈጸመውን ሥርዐት፥ ወይም በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሰማራውን ጭላዳ ፎቶግራፍ ለማንሣት፥ ከ80 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚደርሰው አሮጌ ባለ ዙም ሌንስ ዛሬም ይጠቅማል፤ ሥርዐቱን ሳያውክ፥ እንስሳውንም ሳያስበረግግ ከሩቅ ያቀርባልና።

ይሁን እንጂ ረዥም ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል፤ ስለዚህ በ200 ሚሊሜትር ሲያነሡ የመዝጊያው ጊዜ ከሰኮንድ 1/250 እንዳይረዝም፥ ካልሆነም ካሜራውን ድንጋይ ላይ ማስደገፍ ይገባል። የብርሃን መግቢያው ፈጽሞ ሲከፈት የአሮጌ ሌንስ ምስል ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል፤ እስከ 8 ቍጥር ሲጠብ ግን ይጠራል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ምስሉን ስለምታነጣው ከለላ ያሻዋል። ቀትር ላይ የሚሞቀው አየር የሩቁን ተራራ ስለሚያርገበግበው ማለዳው ይመረጣል። ወደ ገደል ቍልቍል ሲያነጣጥሩም ቱቦው በክብደቱ እንዳይንሸራተት በእጅ መያዝ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የእውነት ነገር ነው። ከሩቅ የተነሣ ፎቶግራፍ የፊተኛውንና የኋለኛውን ያቀራርባል፤ በባሕረ ጥምቀቱ ወዲህና ወዲያ ማዶ የቆሙት ካህናትና ምእመናን በአንድ ስፍራ የተጋፉ ይመስላሉ። ስለዚህ የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሰው ከፎቶግራፉ ጋር ቦታውን፥ ቀኑን፥ የቆመበትን ርቀትና የሌንሱን መጠን ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ፎቶግራፉን የሚመረምረው ሰው ስለ ሕዝቡ ብዛትና አቋቋም የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል።