ሄልሜት ላይ የተሰካች ካሜራ፤ ከሴልኸርስት ፓርክ እስከ መካነ ሰላም ዳገት

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2024 ምሽት ማንቸስተር ዩናይትድ ሴልኸርስት ፓርክ ላይ መከራውን አየ። ክሪስታል ፓላስ 4 ለ 0 ቀጣው። ማይክል ኦሊሴ ብቻውን ሁለት አገባ። የዩናይትድ ደጋፊ ያንን ምሽት ቢረሳው ደስ ይለዋል። በዚያ ጨዋታ ግን ከውጤቱ ሌላ አንድ ነገርም ተመዝግቧል። የመሐል ዳኛው አውስትራሊያዊ ጃሬድ ጊሌት ሜዳ የገባው ጆሮው ግድም ትንሽ ካሜራ ሰክቶ ነበር። በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ እንዲህ ያለ ካሜራ አድርጎ ያጫወተ የመጀመሪያው ዳኛ እሱ ነው።

ከዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ላይ በተካሄደው የክለቦች ዓለም ዋንጫ ደግሞ ፊፋ ዳኞቹን ካሜራ አስታጠቃቸው። ተመልካቹ ተጨዋቾች ዳኛውን እንዴት እንደሚከቡትና ኳሷ ከሣር ላይ በምን ፍጥነት እንደምታልፍ በዳኛው ዓይን አየ። ብዙ ሰውም “ይሄ እኮ አዲስ ነገር ነው” አለ።

አዲስነቱ ግን ለኳስ ነው እንጂ ለካሜራዋ አይደለም። ይህች ካሜራ የኳስ ልጅ አይደለችም። ተወልዳ ያደገችው በብስክሌት፣ በሞተርና በባሕር ሞገድ ሰፈር ነው። ዛሬም በብዛት የምትገኘው ሞተረኛ ሄልሜት ላይ ነው። ሞተረኛ ደግሞ ዳገትና ገደል ይወዳል። ዳገትና ገደል ከተባለ የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ የሚያህል ሜዳ ከየት ይመጣል?

በጀርባ ከታዘለ ቪዲዮ እስከ ኪስ ካሜራ

ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የሳንዲያጎው ማርክ ሹልዝ የተራራ ብስክሌት ቪዲዮ ለመሥራት ፈልጎ አንድ የሞተር ሄልሜት ላይ ካሜራ ገጠመ። ካሜራዋ በገመድ የተያያዘችው በጀርባው ከታዘለ የቪዲዮ መቅረጫ ጋር ነበር። መቅረጫው እንዳይመታ ቦርሳው ውስጥ ፎም ተጠቅጥቆበታል። ክብደቱንና ላቡን መገመት አይከብድም። ምስሉ ግን ተገኘ።

ከዚያ የሚቀጥለው ስም ኒክ ውድማን ነው። ይህ የሞገድ ተንሸራታች እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አውስትራሊያና ኢንዶኔዥያ ተጉዞ ባሕር ላይ ራሱን ፎቶ ማንሳት አቃተው። ከዚያ ችግር ጎፕሮ የተባለው ኩባንያ ተወለደ። በ2004 የወጣችው የመጀመሪያዋ ጎፕሮ እጅ ላይ የምትታሰር ባለ ፊልም ካሜራ ነበረች። ዲጂታሏ በ2006 ስትመጣ በአንድ ጊዜ የምትቀርጸው ቪዲዮ 10 ሰከንድ ብቻ ነበር። ዛሬ ያሉት 150 ግራም ገደማ እየመዘኑ የደሴን መንገድ ጠርገው ይቀርጻሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጡት ደግሞ የመንገዱን መንቀጥቀጥ ራሳቸው ያረጋጉታል።

ለኢትዮጵያም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የፊልም ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ጫፍ ተነስተው በቢኤምደብሊው ሞተር ኬፕታውን ሲደርሱ ከሱዳን ተሻግረው ያለፉት በኢትዮጵያ በኩል ነው። ሄልሜታቸው ላይ የተገጠመው ካሜራ የአገሪቱን ዳገት፣ ከብትና የመንገድ ዳር ሕፃናት ቀርጾ በዚያው ዓመት በቢቢሲ ታየ።

መንገዱ ራሱ ፈታኝ ነው

መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከተማዋ የቦረና ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከደሴ የተነሳ ሞተረኛ መጀመሪያ የለጋምቦን ደጋ መቁረጥ አለበት። አቀስታ አካባቢ ገብሱ፣ በጉና ውርጩ ይቀበሉታል። ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጣት በጓንት ውስጥ ይደነዝዛል። መካነ ሰላምን አልፎ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ጉንደወይን ለሚሻገር ደግሞ መንገዱ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ጃኬት ደርቦ የወጣው ሰው እዚያ ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል።

በዚህ መሐል የሚታየው ነገር ካሜራ ያስመኛል። የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ሰዉ ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለው። ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል ገደሉን ያየ ሰው ስልኩን ለማውጣት ይቸኩላል። መሪ የያዘ ሞተረኛ ግን ስልክ ማውጣት አይችልም፣ ማውጣትም የለበትም። የሄልሜት ካሜራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም እጅ መሪው ላይ ይሆናል፣ ዓይንም መንገዱ ላይ።

የት ትሰካ? አሰላለፉ

የካሜራ ቦታ ምርጫ እንደ አሰልጣኝ አሰላለፍ ነው። ያው ተጨዋች ያለ ቦታው ከተሰለፈ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ቦታ አናት ነው። ለመግጠም ቀላል ነው፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ካሜራዋ እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ ቆማ ነፋስ ትሰበስባለች። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ አናትን ወደ ኋላ ይጎትታል። ከመንገድ ዳር ዝቅ ያለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ካለም ቀድሞ የሚያገኘው እሷን ነው። ምስሉም ሰማይ ይበዛበታል፣ መሪው አይታይም፤ ተመልካቹ ሞተር ላይ መሆኑን ይረሳል።

ሁለተኛው ጎን ነው፣ እንደ ክንፍ ተጨዋች። ምስሉ ደህና ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሄልሜት በአብዛኛው ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም። ካሜራዋ ከነመያዣዋ ስትጨመር የዚያን አሥር በመቶ ገደማ በአንድ ጎን ብቻ ጫነች ማለት ነው። ደሴ ሲነሱ የማይሰማ ክብደት አቀስታ ሲደረስ አንገት ላይ ይቆጠራል።

ሦስተኛው አገጭ ነው። የዚህ ጨዋታ አሥር ቁጥር እሱ ነው። ካሜራዋ ለዓይን ቅርብ ስለሆነች ሞተረኛው ያየውን ታያለች። መሪው፣ እጁና መንገዱ በአንድ ላይ ይገባሉ። ነፋሱም አይበረታም። ለዚህ ግን ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ያስፈልጋል። አናትን ብቻ የሚሸፍነው ግማሽ ሄልሜት አገጭ የለውም።

ሄልሜታቸውን መንካት ለማይፈልጉ አራተኛ ምርጫ አለ፤ በደረት ቀበቶ መታጠቅ። ካሜራዋ ራስ ሲዞር አብራ አትዞርም፤ ገደሉን ለማየት ፊቱን ያዞረ ሰው ምስሉ ውስጥ ገደሉን አያገኘውም። ሄልሜቱ ግን እንደተሠራ ይቆያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማጣበቅ የዋዜማ ሥራ ነው

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ማለዳ ሊነሳ ሲል ለጥፎ መውጣቱ ነው። የካሜራዋ መያዣ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ጎባጣ። ጎባጣ ሄልሜት ላይ ጠፍጣፋውን የለጠፈ ሰው ጠርዙ ላይ አየር ያስቀራል፣ ከዚያ በኋላ ሥራውን ንዝረቱ ይጨርሰዋል። የሚለጠፍበት ቦታ በአልኮል ተጠርጎ መድረቅ አለበት። ማጣበቂያው ከተጫነ በኋላ ካሜራዋ ከመሰካቷ በፊት 24 ሰዓት ያህል መቆየት ይፈልጋል። ቅዝቃዜ ውስጥም በደንብ አይዝም። ስለዚህ ለጋምቦ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚለጥፍ ሰው ካሜራውን ለእረኛ ስጦታ ትቶ እንደማለፍ ነው። ሥራው ከዋዜማው በፊት ደሴ ላይ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ማለቅ አለበት።

ከመነሳት በፊት አንድ ደቂቃ ቀርጾ ማየትም ያስፈልጋል። ሰው ቆሞ ያስተካከላት ካሜራ ሞተር ላይ ሲቀመጥ ታንከሩን ብቻ ስትቀርጽ ትውላለች።

ብርዱ ሌላ ጣጣ አለው። የካሜራ ባትሪ በብርድ ጊዜ ቶሎ ይደክማል። መለዋወጫው ባትሪ የሚቀመጠው ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ሰውነት በሚያሞቀው የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። ከደጋው ብርድ ወደ ዓባይ ሙቀት ሲወረድም የካሜራዋ መስታወት ላይ እንፋሎት ሊይዝ ይችላል። ከዋናው መስመር ወጣ ባሉት የገጠር መንገዶች ደግሞ አቧራው አለ። አቧራ የያዘ መስታወት መጀመሪያ እፍ ይባላል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። በእጅጌ የጠረገ ሰው መስታወቱን ይቧጭረዋል።

ስለ ንዝረት ከተነሳ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ምስሉ የሚንቀጠቀጠው ሄልሜቱ ስለሚሰፋ ነው። ራስ ላይ የሚዋልል ሄልሜት ምስል ያበላሻል። አደጋ ሲመጣም ከራስ ላይ ወልቆ ይሄዳል። በልክ የሆነና ማሰሪያው የጠበቀ ሄልሜት ምስሉንም ራሱንም ያድናል።

የሹማከር ጥያቄ

የዚህ ጉዳይ ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2013 የሰባት ጊዜ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ ማይክል ሹማከር ፈረንሳይ ሜሪቤል ላይ በበረዶ ሲንሸራተት ወድቆ ራሱን ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ሄልሜት አድርጎ ነበር። ሄልሜቱ ላይ ካሜራ ነበረች። መርማሪዎች ምስሉን አይተው የአደጋው ምክንያት ከልክ ያለፈ ፍጥነት እንዳልነበር አረጋግጠዋል።

በኦክቶበር 2014 ፈረንሳዊው የፎርሙላ ዋን ጋዜጠኛ ዣን ሉዊ ሞንሴ ጉዳቱን ያባባሰው ካሜራዋ ናት የሚል ሐሳብ በሬዲዮ ሰነዘረ። በማግስቱ የጎፕሮ አክሲዮን ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ወረደ። ሞንሴ በኋላ የተናገረው የራሱን ግምት መሆኑን ገለጸ። ጥያቄው ግን በሞተረኛው ዘንድ ቀረ፤ ራስን ሊያድን የተሠራ ሄልሜት ላይ ጠጣር ነገር መግጠም ምን ያስከትላል?

መልሱ ሄልሜት እንዴት እንደሚሠራ ከማወቅ ይጀምራል። የውጪው ቅርፊት ለስላሳና ክብ የሆነው ለጌጥ አይደለም። የወደቀ ሰው ራስ መሬት ላይ እንዲንሸራተትና እንዳይያዝ ነው። በውስጡ ያለው ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶን ውስጥ እንደሚመጣው ያለ ነጭ ፎም ነው። ምቱን የሚቀበለው እየተጨፈለቀ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ሄልሜቱም ይጣላል። ወጣ ብሎ የቆመ ካሜራ ድንጋይ ቢይዘው ራስን ሊጠመዝዝ ይችላል፣ አንገትም አብሮ ይዞራል። ወይም በሰፊው መበተን የነበረበትን ምት በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል።

ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው። ሄልሜት አይበሳም፣ ቡሎን አይታሰርበትም። ካሜራዋ ስትመታ መላቀቅ አለባት፤ እንቢ ብላ መቆየት የለባትም። እንዳትጠፋ በወፍራም ሽቦ የሚያስሯትም ካሜራ ለማትረፍ ብለው አንገታቸውን አስይዘዋል።

ፎርሙላ ዋን መፍትሔውን ያገኘው ካሜራዋን ወደ ውስጥ በማስገባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቤልጂየም ስፓ ላይ ፈርናንዶ አሎንሶ የሞከራት ካሜራ በሄልሜቱ የውስጥ ልባስ ላይ ዓይኑ አጠገብ የተቀመጠች፣ ክብደቷም ጥቂት ግራም የማይሞላ ነበረች። ከ2023 ጀምሮ ሁሉም ሾፌር እንዲያደርጋት ተወሰነ። ከውጪ የሚታይ ነገር የለም። የደሴ ሞተረኛ ግን ይህንን ገበያ ላይ አያገኘውም።

ኬላው ላይ

ሌላም ነገር መባል አለበት። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያየው ግጭት አለ። ኬላ ላይ የቆመ ሰው ቀይ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ካሜራ ሲያይ ቱሪስት መጣ ብሎ አያስብም። ኬላ፣ የታጠቀ ሰውና ካምፕ አይቀረጽም። ካሜራዋ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ቀድማ ወልቃ ቦርሳ ውስጥ መግባት አለባት። የመንደር ሰውም ቢሆን ሳይጠየቅ መቀረጽን አይወድም። ሄልሜት አውልቆ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ የወሎ ወግ ነው።

ለራስ ቅል ቫር የለም

በጥናት እንደተረጋገጠው ሄልሜት ሞተረኛ በአደጋ የመሞት ዕድሉን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። በገጠሩ መንገድ ግን ዛሬም ስንቱ ሞተረኛ ነው ባዶ ራሱን ሁለት ሰው ጭኖ የሚበረው! መካነ ሰላም አካባቢ ወድቆ ራሱን የተጎዳ ሰው ወደ ደሴ ሪፈር ቢባል የሚጠብቀው ያው 180 ኪሎ ሜትር ነው። ሲመጣ ውብ የነበረው መንገድ ሲመለስ በአምቡላንስ ይረዝማል።

ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። መጀመሪያ ደህና ሄልሜት፣ ካሜራዋ በሚቀጥለው ዓመት። ሁለቱም ያለው ደግሞ ካሜራዋን በቀላሉ እንድትላቀቅ አድርጎ አገጩ ላይ ይስካ፣ ወይም ደረቱ ላይ ይታጠቅ፣ ማሰሪያውን ያጥብቅና ይነሳ። የተበላሸ ምስል ተመልሶ ይቀረጻል፤ ደንቆሮ ጫካም የትም አይሄድም። ኳስ ላይ ዳኛው ቢሳሳት ጨዋታው ይቆማል፣ ምስሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጎሉም ይሻራል። ለራስ ቅል ግን ቫር የለም።