ሰዓቱ ትክክል ነው፤ መግሪቡስ?

መብራት ሲጠፋ የኮምፒውተራችንን ሰዓት የምታስቀጥለው በውስጡ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ናት። እሷ ስትደክም ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ደህና ብትሆንም ሰዓቱ በወር አንድ ደቂቃ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ኢንተርኔት ሲገኝ ግን ኮምፒውተሩ ከአቶሚክ ሰዓት ጋር ከተያያዙ ሰርቨሮች ጠይቆ ያርመዋል፤ መልሱ በመንገድ የቆየበትን እንኳ ያሰላል።

ለኢሉባቦር ሰው ይህ ብቻ አይበቃም። የመቱና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ቢሆንም፣ መቱ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ፣ ለአንዱ ዲግሪም 4 ደቂቃ ስለሚታሰብ፣ ፀሐይ እኛ ዘንድ የምትጠልቀው 12 ደቂቃ ግድም ዘግይታ ነው። በረመዳን የአዲስ አበባን አዛን በሬዲዮ ሰምቶ የሚያፈጥር ፀሐይ ሳትገባ ያፈጥራል! በሶላት ሰዓት ፕሮግራማችን ላይ የተመረጠው ከተማ መቱ መሆኑን እንይ፤ ከሌለ ጎሬ ይሁን። በደሌዎች ግን ከመቱ 3 ደቂቃ ያህል ይቀድማሉ።