ለቸኮለ ድንጋይ፣ ለታገሰ ማር

ሲሊ ፑቲ የሚባለውን የልጆች መጫወቻ አድቦልቡለው መሬት ላይ ቢጥሉት እንደ ኳስ ይነጥራል። ቀስ ብለው ሲስቡት እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ በድንገት ሲመነጭቁት ግን ቀጭ ይላል። በመዶሻ ቢመቱት ይሰባበራል። ጠረጴዛ ላይ ትተውት ቢያድሩ ደግሞ ጠዋት ተንጣሎ ተኝቶ ያገኙታል። ቅመሙም ሙቀቱም ያው ነው፤ የተለወጠው እርስዎ የሰጡት ጊዜ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ጎማ አጥሯቸው ምትክ ሲፈልጉ፣ የሲሊኮን ዘይትና ቦሪክ አሲድ ቀላቅለው ያገኙት ነው። ለጎማነት አልሆነም፤ በ1950 እ.ኤ.አ. በፕላስቲክ እንቁላል ታሽጎ ለልጆች ተሸጠ።

ውስጡ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ተጠላልፈዋል፤ ቦሮኑ እዚህም እዚያም ያስራቸዋል። ቋጠሮው ይፈታል፣ መልሶ ይታሰራል። በዝግታ ሲጫኑት ቋጠሮዎቹ በየተራ እየተፈቱ ሰንሰለቶቹ ይንሸራተታሉ፤ ቁሱም ይፈሳል። ድንገተኛ ምት ግን ሁሉንም እንደታሰሩ ይደርስባቸዋል። የዳቦ ሊጥ ያቦካ ሰው ዘመዱን በእጁ ያውቀዋል፦ ቀስ ሲሉት ይሳባል፣ ሲነጥቁት ይበጠሳል።

በእስራኤል፣ በሃይፋው ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማርከስ ራይነር በ1964 እ.ኤ.አ. ቁስ በተሰጠው ጊዜ መፍሰስ አለመፍሰሱን ስለሚናገር መለኪያ ሲጽፉ፣ የመለኪያውን ስም ከመጽሐፈ መሳፍንት ወሰዱ። ነቢይቱ ዲቦራ በመዝሙሯ ተራሮች በእግዚአብሔር ፊት ፈሰሱ ትላለች። በሰው አጭር ዕድሜ ተራራ ሲፈስ አይታይም፤ ዘመን ለማይወስነው አምላክ ግን ይፈሳል ሲሉ ራይነር አነበቡት። በሳይንስ ውስጥ ከዚህ ያማረ ስያሜ አላውቅም። የዲቦራ ቁጥር የሚገኘው፣ ቁሱ ራሱን ለማደላደል የሚፈጅበት ጊዜ ለተሰጠው ጊዜ ሲካፈል ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቁሱ ይፈሳል፤ ሲበዛ ይጠጥራል።

ይህ ዕውቀት ዛሬ ሕይወት ያድናል። ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ጉልበትና ክርናቸው ላይ የሚያደርጉት ዲ3ኦ የተባለ መከላከያ ሲራመዱ ልስልስ ነው፤ አስፋልት ሲመታው ይጠጥራል። ፖሊዩሪያም አለ፤ ብረት ላይ የሚቀባ ላስቲክ መሰል ቅብ ነው። ጥይት ሲመታው በቅጽበት ከላስቲክነት ወደ መስታወትነት ይሻገራል፤ በሽግግሩ መካከል የምቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ለዚህም የሚመረጠው ገና ከመነሻው የጠጠረ ሳይሆን ለመጠጠር ቋፍ ላይ ያለ ቅብ ነው። በብርድ ቀድሞ መስታወት ከሆነ፣ ጥይቱ ሲደርስ የሚሻገረው ድንበር አይኖረውም።