የፈተና ፍርሃት ጥፋቱን የሚሠራው መቼ ነው?

ታሪኩ የሚጀምረው ከሽንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ውስጥ ዘጠኝ የሕክምና ተማሪዎች ከከባድ ፈተና እንደወጡ ሽንታቸው ተመረመረ። ዘጠኙም ጤነኞች ናቸው፤ በአዘቦት ቀን ሽንታቸው ውስጥ ስኳር አይገኝም። የዚያን ቀን ግን በአራቱ ላይ ተገኘ። ቀለል ያለ ፈተና ሲወስዱ ደግሞ ስኳር የታየው በአንዱ ብቻ ነበር።

የሃርቫርዱ ፊዚዮሎጂስት ዋልተር ካነን ይህን ውጤት በ1915 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ከጎኑም ሌላ የሚገርም ነገር አስቀመጠ። የሃርቫርድ የፉትቦል ተጫዋቾች ትልቅ ግጥሚያ ባደረጉበት ቀን ከተመረመሩት 25 ሰዎች የ12ቱ ሽንት ስኳር ነበረበት። ከ12ቱ አምስቱ ግን ሜዳ ያልገቡ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የዋሉ ናቸው። ጡንቻቸው ሳይሠራ ሰውነታቸው ለሥራ ተነስቶ ነበር።

ማብራሪያውን ማንኛውም የነርሲንግ ተማሪ ከፊዚዮሎጂ ኮርሱ ያውቀዋል። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት እጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይልካል፤ ልብ ይመታል፤ መዳፍ ያልባል። ሰውነት ለትግል ወይም ለሽሽት ተሰናዳ ማለት ነው። ፈተና ክፍል ውስጥ ግን የሚታገሉትም የሚሸሹትም ነገር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግምት ያለ ብዙ ድካም መጣ፦ እያወቀ የሚወድቀውን ተማሪ የሚጥለው ይህ የሰውነት መናወጥ ነው ተባለ።

ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ የሚጠቁም ሙከራ ግን ቀደም ብሎ ተሠርቶ ነበር። በ1908 ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ነጭና ጥቁር ሳጥን እንዲለዩ አስተማሩ። ወደ ጥቁሩ የገባች አይጥ በኤሌክትሪክ ትነዘራለች። የሁለቱ ሳጥኖች ልዩነት ጉልህ ሲሆን ንዝረቱ በበረታ ቁጥር አይጦቹ ቶሎ ተማሩ። ልዩነቱን ለማየት ሲያስቸግር ግን ኃይለኛው ንዝረት አደናገራቸው፤ መካከለኛው በለጠ። እንግዲህ ድንጋጤ ሁሉ ጎጂ አይደለም። ሥራው ሲከብድና ድንጋጤው ሲበዛ ነው ችግር የሚመጣው። ያም ሆኖ አይጥ “ብወድቅ ቤተሰቦቼ ምን ይላሉ?” ብላ አታስብም። የሰው ፍርሃት ውስጥ አይጧ ላይ የማይታይ ነገር አለ።

ያንን ነገር ለመለካት የተነሱት በየል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆርጅ ማንድለርና ሲመር ሳራሰን ናቸው። ማንድለር ቪየና ተወልዶ ናዚዎችን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ሁለቱ በ1952 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ስለ ፈተና በሚሰማቸው ስሜት በመጠይቅ ለዩ፤ ከዚያም ፈሪዎቹንና የማይፈሩትን አንድ ዓይነት ሥራ ሰጧቸው። በመሃል ለአንዳንዶቹ “ጥሩ ሠርታችኋል”፣ ለሌሎቹ “ደካማ ነው” አሏቸው። የማይፈሩት ተማሪዎች ስለ ውጤታቸው ሲነገራቸው ተሻሻሉ፤ ደካማ ናችሁ የተባሉት ደግሞ ይበልጥ በረቱ። ፈሪዎቹ ግን ሲነቀፉም ሲመሰገኑም ወረዱ። በደንብ የሠሩት ስለ ፈተናነቱ ምንም ሳይነሳባቸው ዝም ብለው ሲተዉ ነው። ምስጋናም ቢሆን እየተመዘኑ መሆናቸውን አስታወሳቸው።

አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። በ1967 ሮበርት ሊበርትና ላሪ ሞሪስ የፈተና ፍርሃት የሚባለውን ነገር ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው የስሜት መናወጥ ነው፦ የልብ ምት፣ ላብ፣ የሆድ መገለባበጥ። ሁለተኛው ሐሳብ ነው፦ “ሌሎቹ ጨርሰዋል”፣ “ይቺን ካልመለስኩ አለቀልኝ” የሚል የውስጥ ወሬ። ሁለቱ ተለይተው ሲታዩ ከዝቅተኛ ውጤት ጋር አብሮ የሚሄደው በዋናነት ወሬው ሆኖ ተገኘ። የልብ ምቱ ፈተናው ሲቃረብ ይነሳል፤ ሲጀመር ደግሞ እየበረደ ይሄዳል። ካነን በሽንት ውስጥ ያየው ስኳር እውነተኛ ነው፤ ተማሪውን ለመጣል ግን ብቻውን አልበቃም።

ወሬው እንዴት ይጎዳል? ለነርሲንግ ተማሪ መልሱ በአንድ ጥያቄ ይታያል። 1,000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል፤ መስመሩ ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያወርዳል። በደቂቃ ስንት ጠብታ? ስምንቱ ሰዓት ወደ ደቂቃ ሲለወጥ 480 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ጭንቅላት ውስጥ ይያዛል። 1,000 በ20 ሲባዛ 20,000 ይመጣል፤ ይህም ይያዛል። ከዚያ 20,000 ለ480 ይካፈላል፤ 41.67 ይመጣል፤ ግማሽ ጠብታ ስለሌለ 42 ይባላል። በእርጋታ ለተቀመጠ ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እንግሊዛውያኑ አለን ባደሊና ግራሃም ሂች በ1974 እንዳሳዩት ግን እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ይዘን የምናሰላበት ትውስታ በጣም ጠባብ ነው። እንደ አንድ ትንሽ የመድኃኒት ትሪ እንየው፤ የማይፈለግ ዕቃ ከተጫነበት የሚፈለገው ይወድቃል። “ይቺን ካልመለስኩ” የሚለው ሐሳብ ትሪው ላይ ሲቀመጥ 480 ይጠፋል፤ ተማሪው እንደገና ከስምንት በ60 ይጀምራል። ማርክ አሽክራፍትና ኤሊዛቤት ኪርክ በ2001 ሒሳብ የሚፈሩ ሰዎችን ፊደላት በቃል ይዘው እንዲደምሩ አድርገው ነበር፤ በቃል የሚያዘው ሲበዛና ድምሩ ከባድ ሲሆን የፈሪዎቹ ስህተት ከሌሎቹ እጅግ በለጠ።

ይህ ማብራሪያ ተማሪው ራሱ ከሚናገረው ጋር ይገጥማል። “አውቀው ነበር፤ ገብቼ ስቀመጥ ብላንክ ሆነብኝ” ይላል። እውቀቱ አለ፤ ፍርሃቱ በሩን ዘጋው ማለት ነው። በ1988 ሬይ ሄምብሪ 562 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር ፈሪ ተማሪዎች በአማካይ ዝቅ ያለ ውጤት እንደሚያመጡ ተረጋገጠ። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ።

የማይገጥም ነገር ግን ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ1981 በታተመ ጥናት ፈሪዎቹ ተማሪዎች ቤት ተወስዶ በሚሠራ ፈተናም ዝቅ ብለው ተገኙ። ቤት ውስጥ ተቆጣጣሪ የለም፤ ሰዓት አያጣድፍም፤ መጽሐፍ መግለጥም ይቻላል። በሩን የዘጋው የፈተና ክፍሉ ፍርሃት ከሆነ እቤት ለምን አልተከፈተም? ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ራልፍ ከለርና ቻርልስ ሆላሃን ፈሪዎቹ ተማሪዎች ከሌሎቹ የበለጠ ሰዓት እንደሚያጠኑ፣ የአጠናን ዘዴያቸው ግን የደከመ እንደሆነ አስተውለው ነበር። ብዙ ይቸክላሉ፤ ጥቂት ይይዛሉ። እነዚህ ምልክቶች ለአርባ ዓመት ያህል ከዋናው ማብራሪያ ጎን ተቀምጠው ቆዩ።

በ2022 ሦስት የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ማሪያ ቴዎባልድ፣ ያስሚን ብራይትቪዘርና ጋርቪን ብሮድ፣ ጥያቄውን ፊት ለፊት ገጠሙት። 309 የሕክምና ተማሪዎች ለመጨረሻው የመንግሥት ፈተና በኮምፒውተር መማሪያ ሲዘጋጁ ተከታተሏቸው። ተማሪዎቹ በዝግጅቱ ወራት ጥያቄ ሲሠሩ የሚያገኙት ውጤት ይመዘገባል፤ ከዋናው ፈተና በፊት የሙከራ ፈተና ይወስዳሉ፤ ቀጥሎ እውነተኛው ይመጣል። የቆየው ማብራሪያ ልክ ከሆነ ፈሪዎቹ በሙከራው ካሳዩት እውቀት በእውነተኛው ቀን ወርደው መገኘት ነበረባቸው። አልወረዱም። የሚያውቁትን ያህል መለሱ። ፍርሃታቸው ጉዳት ያደረሰው ከዚያ በፊት፣ በጥናቱ ወራት ነው፦ ከሌሎቹ ያነሰ እውቀት ይዘው ነበር ወደ ፈተናው የገቡት።

ይህን በአገራችን የነርሲንግ ተማሪ ቀን ውስጥ ማየት አይከብድም። ጠዋት ዋርድ አታችመንት አለ፤ ከሰዓት ክፍል፤ ማታ ዶርም ውስጥ ሀንድአውት ይገለጣል። ፋርማኮሎጂው የሚያስፈራ ስለሆነ ለነገ ይተላለፋል። የሚታወቀው ምዕራፍ ግን ሦስተኛ ጊዜ ይነበባል፤ ምክንያቱም የሚያውቁትን ማንበብ ልብ ያሳርፋል። ጥያቄ መሥራት የማያውቁትን ያጋልጣልና ይሸሻል። ፈተና ክፍል ውስጥ “ብላንክ ሆነብኝ” የሚባለው ትምህርት፣ ብዙ ጊዜ፣ ዓይን እንጂ ጭንቅላት ያላለፈበት ገጽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚሰጠው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ደግሞ የበርካታ ዓመታትን ኮርስ በአንድ ቀን ስለሚጠይቅ በእንዲህ ዓይነት ንባብ አይሸፈንም።

መድኃኒቱስ? አንድ ጊዜ በቀላሉ የተገኘ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ባይሎክ ከፈተና በፊት ለአሥር ደቂቃ ፍርሃታቸውን በወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በ2018 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች በታላላቅ መጽሔቶች የወጡ 21 ጥናቶችን ሲደግሙ፣ 13ቱ ሲሳኩ ይህኛው የላቦራቶሪ ሙከራ ከማይደገሙት መካከል ሆነ። የጻፈ ሰው አይጎዳም፤ ነገር ግን በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላይ ተስፋ መጣል አያዋጣም። የጀርመኖቹ ግኝትም ምክንያቱን ይነግረናል፤ ጉዳቱ የደረሰው ከወራት በፊት ከሆነ በሩ ላይ የሚሰጥ መድኃኒት ይዘገያል።

ወደ ወራቱ የሚመለሰው መድኃኒት ራሱ ፈተና ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ተማሪዎችን ሁለት ጽሑፍ አስነብበው አንዱን እንደገና እንዲያነቡ፣ ለሌላው ወረቀት ዘግተው የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡትን ይበልጥ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 በመቶውን አስታወሱ። በ2014 በታተመ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ መምህሮቻቸው በየጊዜው ነጥብ የማያስጨንቅ ትንንሽ ጥያቄ ከሚሰጧቸው 1,408 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 72 በመቶው ለዋናው ፈተና ያላቸው ፍርሃት እንደቀነሰ ተናገሩ። በ2016 ደግሞ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ 120 ሰዎች ተፈተኑ። በሰው ፊት ንግግር አድርገውና ሒሳብ ሠርተው እንዲጨነቁ ሲደረግ፣ በማንበብ ብቻ የተማሩት ትምህርቱ ከዳቸው፤ ራሳቸውን እየፈተኑ የተማሩት ግን ጭንቀት ውስጥም ሆነው አስታወሱ።

ለአገራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው የትናንቱን በቃሉ ሳያሰማ አዲስ ትምህርት አይቀበልም። ፈተናው ዕለታዊ ስለሆነ ራሱን የቻለ የፈተና ወቅት አያስፈልገውም።

ይህ ማለት ፈተና ክፍል ውስጥ የሚሰማው ጭንቀት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። እንቅልፍ የሚነሳው፣ የሚያስመልሰው፣ ኮርስ እስከማቋረጥ የሚያደርሰው ተማሪ የምክር አገልግሎት ያስፈልገዋል። ሄምብሪም የአጠናን ዘዴ ሥልጠና ብቻውን ፍርሃትን እንደማይቀንስ፣ ከሌላ ሕክምና ጋር ሲጣመር ግን እንደሚረዳ አይቷል። ሆኖም ስሜትን የውጤት ምስክር ማድረግ አይገባም። አሜሪካ ውስጥ ነርስ ለመሆን በርካታ ወገኖቻችን የሚወስዱት ኤንክሌክስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተፈታኙ ሲመልስ ጥያቄው ይከብዳል፤ ሲስት ይቀላል፤ ስለዚህ ያለፈውም የወደቀውም ግማሽ ያህሉን ስቶ ይወጣል። “ወድቄያለሁ” ብሎ እያለቀሰ የወጣ ብዙ ሰው አልፎ ተገኝቷል።

የነርሲንግ መምህራን ሆይ፣ ከየሌክቸሩ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ቆርጣችሁ ሦስት ጥያቄ ስጡ፤ ነጥብ አትያዙበት፤ መልሱን እዚያው ንገሩ። ተማሪዎችም ሀንድአውቱን ዝጉና የጠብታውን ስሌት በባዶ ወረቀት ሥሩ፤ የምትሸሹትን ምዕራፍ አስቀድሙ። የመውጫ ፈተናው ሰኔ ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ፈተና ራሳችሁን መስከረም ላይ ፈትኑ።