የቦት ጫማ ዋጋ በክረምት ብዛት ይታሰብ

ሰኔ ሲገባ የጫማ ገበያው መልኩን ይለውጣል። መርካቶ ጫማ ተራም ሆነ በየክልሉ ከተማ ገበያ የላስቲክ ቦት ከፊት ይደረደራል፤ ሸራና ሰንደል ጫማ ወደ ኋላ ይላል። ገዢውም ቀድሞ የሚጠይቀው «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጭቃ ለጭቃ የሚውል ሰው «ስንት ክረምት ያገለግለኛል?» ብሎም መጠየቅ ይኖርበታል። አነስተኛ ገቢ ያለው ወገናችን በየዓመቱ ሳይታወቀው ገንዘብ የሚያጣው ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ለነጋዴው የሚከፈለው ነው። ሌላው የተከፈለው ገንዘብ ዕቃው ለሚያገለግልበት ዘመን ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለስሌት እንዲመች ቁጥሮችን በግምት እናስቀምጥ። አንዱ ቦት 800 ብር ይሸጣል፤ አንድ ክረምት አገልግሎ ይሰነጠቃል። ሌላው 2,000 ብር ነው፤ አራት ክረምት ይችላል። የመጀመሪያው ለአንድ ክረምት 800 ብር፣ ሁለተኛው 500 ብር ያስወጣል ማለት ነው። በአራት ክረምት ርካሹን የመረጠ 3,200 ብር ሲያወጣ፣ ውዱን የመረጠ በ2,000 ብር ይገላገላል። ርካሹ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከተቀደደ ደግሞ ነሐሴ በረጠበ እግር ያልፋል።

ታዲያ ሰው ለምን ርካሹን ይገዛል? ስሌቱ ጠፍቶት አይደለም፤ ሰኔ ላይ እጁ ላይ ያለው 800 ብር ብቻ ስለሆነ ነው። ሰኔ ለገበሬው የዘርና የማዳበሪያ ወጪ የሚደራረብበት፣ የጎተራው እህል የሚያልቅበት ወር ነው። የቀን ሠራተኛውም ዝናቡ ሥራውን ሲያቋርጥበት ገቢው ይቀንሳል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቸት በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሜን አት አርምስ» ልብ ወለድ ይህንኑ ነጥብ በቦት ጫማ አስረድቷል። በመጽሐፉ ጥሩ ቦት 50 ዶላር፣ ተራው 10 ዶላር ነው። ባለ 50ው ዓመታት ሲዘልቅ፣ ድሃው ተራውን ደጋግሞ እየገዛ በመጨረሻ ከሀብታሙ የበለጠ ያወጣል፤ እግሩም አይደርቅም። ሐሳቡ ዛሬ በኢኮኖሚ ክርክሮች ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል፤ ድህነት ራሱ ወጪ እንደሚያበዛ በቀላሉ ያሳያልና።

ነገሩን እንደ ኢንቨስትመንት እንየው። በምሳሌያችን ገዢው ዘንድሮ 1,200 ብር ቢጨምር፣ በሚቀጥሉት ሦስት ክረምቶች በየዓመቱ 800 ብር ከማውጣት ይድናል፤ በድምሩ 2,400 ብር ይሆናል። የጨመረው ገንዘብ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን መወሰኑን ስናስታውስ፣ በቁጠባ ደብተር ይህን ያህል ትርፍ ማግኘት እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ይህ ማለት ግን ውድ የሆነው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በገበያው በብዛት የሚታየው የላስቲክ ቦት ከፒቪሲ የተሠራ ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚወጣ ስፌት የለውም፤ ውኃም አያስገባም። ድክመቱ በብርድ መድረቁና ሲያረጅ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ መሰንጠቁ ነው። የተፈጥሮ ጎማ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ብርድም ይችላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ፀሐይና ዘይትም ይጎዱታል። ኢቫ ከሚባለው ቁስ የሚሠራው በጣም ቀላል ስለሆነ አያደክምም፤ ድንጋይ በበዛበት መንገድ ግን ሶሉ ቶሎ ያልቃል። ከስክስ የቆዳ ጫማ ቁርጭምጭሚትን ደግፎ ይይዛል፣ ጫማ ሰፊም ይጠግነዋል፤ ነገር ግን በስፌቱ ውኃ ያስገባል፣ ቅባት ይፈልጋል፣ አንዴ ከረጠበም ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። እንደ ጎርቴክስ ያለ ስስ ሽፋን በውስጡ ያለው የተራራ ጫማ ላብን እያስወጣ ውኃን ይከለክላል። ሆኖም ላዩ በጭቃ ሲለሰን ላቡ መውጫ ያጣል፤ ሽፋኑ ከተበሳም የሰፈር ጫማ ሰፊ ሊጠግነው አይችልም። ጭቃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሆነ ደግሞ ውኃው ከላይ ይገባል። ስለዚህ በየቀኑ በጭቃ ለሚመላለስ ሰው ከውዱ የተራራ ጫማ ይልቅ ገበር ያለው፣ ወፈር ያለ፣ እስከ ባት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ያዋጣዋል። ከስክሱ ረጅም መንገድና ዳገት ለሚበዛበት፣ ጭቃው ግን ጥልቅ ላልሆነበት ሰው ይሻላል።

ገበያ ላይ ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጫማውን ጣት በሚታጠፍበት ቦታ በኃይል አጥፉት፤ ነጭ መስመር ካወጣ ወይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካሳየ ተዉት። ሶሉና ላዩ የተጋጠሙበትን ዙሪያውን በጣት ዳሱት፤ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጭቃው ይፈለቅቀዋል። የሶሉ ጥርስ ጥልቅና የተራራቀ መሆን አለበት። ጥርሱ ከተቀራረበ ጭቃው መካከሉ ይሞላና ሶሉ ለስልሶ ያዳልጣል። በተለይ መረሬ አፈር ባለበት አካባቢ ይህ ወሳኝ ነው፤ በሀገራችን ይህ ጥቁር አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል። ቦቱን በወፍራም ካልሲ ለኩት። ተረከዝ ከተንሸራተተ ያቆስላል፤ ማጥ ውስጥም ጫማው ተውጦ እግር ብቻ ይወጣል። ልኩን ያልጠበቀ ጫማ ቅናሽ ስላለው ብቻ መግዛት ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ ነው።

ከዋጋ መለጠፊያው ላይ የማይነበብ ሌላ ወጪም አለ። በደጋማ አካባቢዎች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር የሚረግጥ ሰው ለፖዶኮኒዮሲስ ይጋለጣል፤ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር ማበጥ ሕመሞች አንዱ ነው። በሀገራችን በሽታው ያለባቸው ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚሆኑ ጥናት ገምቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የወላይታ ዞን ጥናት ደግሞ ታማሚው በዓመት ከሥራ ቀናቱ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ያኔ 1.7 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረው ዞን የሚደርሰው ኪሳራም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ አሳይቷል። በሽታውን ለመከላከል ዘወትር ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ በቂ ነው። ለገበሬው ጫማ እንደ ማረሻው ሁሉ የምርት መሣሪያ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ለውጡም ጉዳዩን አክብዶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ቦት ብቻ ሳይሆን ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ እዚሁ የሚመረተውም ጫና ይደርስበታል። መተኪያው በተወደደ ቁጥር ዕቃን ጠብቆ ዕድሜውን ማርዘም የበለጠ ያተርፋል። ቦት ጫማችሁን በውኃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፤ እሳት ዳር አታስጠጉ፤ ውስጡ ከረጠበ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት።

የገንዘቡ እጥረት ግን በምክር ብቻ አይፈታም። የመጀመሪያው መፍትሔ ጊዜን መምረጥ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ቦት የሚፈልግ ጥቂት ነው፤ የመከሩ ገንዘብም ገና አላለቀም፤ ያኔ ተደራድሮ መግዛት ይቀላል። ሁለተኛው ዕቁብ ነው። በአንድ መንደር ወይም በአንድ ሥራ ቦታ ያሉ ሰዎች ከጥቅምት ጀምረው ጥቂት ጥቂት ቢጥሉ፣ ሰኔ ሳይገባ ሁሉም ጥሩ ቦት ይደርሰዋል። በጅምላ ከገዙ ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ አቅም ያገኛሉ። ሦስተኛው የአሠሪው ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ያዛል። በግንባታ ቦታ ጭቃና ሲሚንቶ ውስጥ ቆሞ ለሚውል ሠራተኛ ቦት የግል ምርጫው ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ግልጽ ነው። ዋጋውን በክረምት ብዛት አካፍሉ፤ ወፍራሙን፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነውን፣ ልካችሁን የጠበቀውን ምረጡ፤ ግዢውንም ዝናቡ ሳይጀምር ፈጽሙ። ሠራተኛ ያላችሁ አሠሪዎች ደግሞ ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ የሠራተኞቻችሁን የጫማ ቁጥር መዝግባችሁ ቦት ጫማቸውን አቅርቡላቸው።