እስከ ነጭ ዓባይ ታስቦ ስለ ነበረው የምድር ባቡር

የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የሚገኘው በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ስለ ምድር ባቡር ማሰብ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የ99 ዓመት የባቡር ፈቃድ ላይ የሐዲዱ መድረሻ ተብሎ የተጻፈው የዚሁ የእንጦጦ ስም ነበር።

ፈቃዱ መንገዱን በሦስት ክፍል መድቦታል። መጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነሥቶ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነው። የባሕሩ በር ሁሉ በባዕዳን እጅ ስለ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃዱን የሰጡት ለግል ኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረም። ኋላ የተነሣው ክርክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የበረሃው ውሃ ማጣት፣ የግጦሽ ምድራቸው የተነካባቸው የኢሳና የአፋር ጎሣዎች ተቃውሞ፣ የወጪውም ብዛት ኩባንያውን አደከመው። የሐረር ተራራም አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሐዲዱ ከተማይቱን ትቶ በ1895 ዓ.ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚህ አስቀድሞ የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች ወደ ኩባንያው በመግባታቸው የፈረንሣይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊረዳ ተዋዋለ፤ በርዳታውም ሥልጣን ገዛ። ምኒልክ ሳይጠየቁ የተደረገውን ይህን ውል ስላልወደዱት ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ፊት እንዲቀጥል አልፈቀዱም። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሣይና ኢጣሊያ በለንደን ሲስማሙ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ለፈረንሣይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ለእንግሊዝ እንዲሆን ወሰኑ። ሦስተኛው ክፍል እንዲህ ሳይሠራ በወረቀት ላይ ተከፋፈለ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1900 ዓ.ም. ለንጉሡ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን አዲስ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ፣ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር የሆነው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

በሕዝቡ ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ከውሉ ቃል የሰፋ ነው። በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይፈጅ የነበረው የነጋዴዎች ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ጥንታዊቱ የሐረር ገበያ ተዳከመች፤ ድሬዳዋም የደቻቱ ወንዝ በሚለያቸው ሁለት ሰፈሮች፣ በኩባንያው ሰዎች ከዚራና በአገሬው መጋላ፣ ከተማ ሆነች። ለገሀርና ፉርጎ የሚሉት ቃላትም ከፈረንሣይኛ ወደ አማርኛ ገቡ።

ዋና ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት ግን ሐዲዱ ብቻ አይደለም። ማገዶ በማለቁ ምክንያት በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ታስቦ ነበር። ሐዲዱ ከባሕር ሲያገናኛት፣ ባሕር ዛፍ ማገዶዋን ሰጣት። ጉለሌ ላይ ዛሬ በአገር በቀል ዛፎች ቀስ በቀስ የሚተካው የዚያ ዘመን ባለውለታ የሆነው ይኸው ዛፍ ነው።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ተመርቋል። ከእንጦጦ ወደ ከፋ፣ ወደ ነጭ ዓባይም የታሰበው ሐዲድ ግን እስካሁን አልተዘረጋም። ከታሪኩ እንደምንረዳው ፈቃድ የሰጠ ሁሉ የመንገዱ ጌታ ሆኖ አይቀርም፤ ገንዘቡን ያወጣ በጌትነቱ ይካፈላል።