የብረታ ብረት ዕቃዎችና ኮምጣጣ ፈሳሾች፤ ምን በምን ይያዝ?

1. መግቢያ

በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘንና በአባሎች ቤት ወተትም ሆነ ፀረ-አረም መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚያዘው በተገኘው ዕቃ ነው። ዕቃው ካላፈሰሰ ይበቃል ይባላል። ይሁን እንጂ አሲድነት ያለው ፈሳሽ የተያዘበትን ብረት ቀስ በቀስ ያሟሟል። የሟሟው ብረት ከምግብ ጋር ወደ ሆድ ሊገባ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣል። ስለሆነም የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የማኅበራት ንብረት ክፍሎች ምክንያቱን አውቀው ለአባሎች እንዲያስረዱ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

2. አሲድ ብረትን እንዴት ያሟሟል?

አሲድ በውሃ ውስጥ ሲሆን ሃይድሮጅን ለመልቀቅ ዝግጁ ነው። ብረታ ብረት ሲነካው ከብረቱ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተላቀቀ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ በምትኩ ሃይድሮጅን በአረፋ መልክ ይወጣል። አሲዱ ደካማ ከሆነ አረፋው ላይታይ ይችላል፤ ሥራው ግን አይቆምም። ፈሳሹ ሲሞቅ ወይም ሲያድር ይብሳል።

ሁሉም ብረታ ብረት እኩል አይሟሙም።

ሀ. ዚንክ፦ በቀላሉ ይሟሟል። ቆርቆሮና የቆርቆሮ ባልዲ በዚንክ የተለበጡ ናቸው። ልባጡ ብረቱን ከዝናብ ዝገት ያድናል፤ በአሲድ ፊት ግን ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው።

ለ. ብረት፦ ከዚንክ ዘግይቶ ይሟሟል።

ሐ. አሉሚኒየም፦ በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ይጠብቀዋል። ኮምጣጣ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥበት ግን ሽፋኑ ይጎዳል፤ የአመድ ውሃና የኖራ ውሃም ያሟሙታል።

መ. መዳብ፦ ከደካማ አሲድ ሃይድሮጅን አያስወጣም። ነገር ግን አየር ባለበት ቀስ እያለ ይሟሟና አረንጓዴ ይሆናል።

ሠ. የማይዝግ ብረት፦ ክሮሚየም ስላለበት ወተትንና የፍራፍሬ ጭማቂን ይቋቋማል።

3. በሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ጉዳዮች

ወተትና መጠጥ፦ ወተት ሲረጋ ላክቲክ አሲድ ይፈጠራል፤ በሎሚ ውስጥ ደግሞ ሲትሪክ አሲድ አለ። እርጎ፣ አጓት ወይም የሎሚ ጭማቂ በቆርቆሮ ባልዲ ካደረ ዚንኩ ይሟሟበታል። የጠጣውም ሰው ብዙ ሳይቆይ የማቅለሽለሽ፣ የማስታወክና የሆድ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። መዳብና ብረት በጥቂቱም ቢገቡ ወተትና ቅቤ መጥፎ ጣዕም እንዲያመጡ ያደርጋሉ። ይህም ለማኅበሩ የገበያ ኪሳራ ነው።

ግላይፎሴት፦ ይህ ፀረ-አረም አሲድነት አለው። በቆርቆሮ ዕቃ ወይም ውስጡ ባልተለበጠ የብረት በርሜል ሲቀመጥ ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ያህል ከሆነ ጀምሮ በእሳት ይቀጣጠላል። 65 ግራም ዚንክ ሲሟሟ ደግሞ ወደ 24 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሰጣል። ክዳኑ በተዘጋ በርሜል አጠገብ ሲጋራ ማጨስ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ መገመት አያዳግትም።

የመዳብ ሰልፌት፦ በብረት ባልዲ ሲበጠበጥ ብረቱ እየሟሟ መዳቡ በባልዲው ላይ ቀይ ሆኖ ይለጠፋል። ባልዲው ይበሳሳል፤ መድኃኒቱም ኃይሉን ያጣል።

4. ለአባሎች የሚታይ ቀላል ሙከራ

በሦስት ብርጭቆዎች የሎሚ ጭማቂ ይጨመር። በአንደኛው ያልተቀባ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ በሁለተኛው የተወለወለ ምስማር፣ በሦስተኛው የመዳብ ሽቦ ይግባ። በማግስቱ ቆርቆሮው አንጸባራቂነቱን እንዳጣ ይታያል። ጭማቂው መደፋት አለበት፤ ማንም እንዳይቀምሰው።

5. ማሳሰቢያ

• ወተትና ኮምጣጣ መጠጥ በማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ በተሠራ ፕላስቲክ ዕቃ ይያዝ። በአሉሚኒየም ዕቃ የተጓጓዘ ትኩስ ወተት እንደደረሰ ይገልበጥ፤ ዕቃውም ወዲያው ይታጠብ።
• ፀረ-አረም በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ፤ የሚበጠበጠውም በፕላስቲክ ይሁን። የመድኃኒት ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለምግብ አያገለግልም።
• የቆርቆሮ ባልዲ መጣል አያስፈልገውም። ለንጹሕ ውሃና ለእህል መስፈሪያ ይዋል።

ዕቃን በአግባቡ መለየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በየመጋዘኑ ባሉ ዕቃዎች ላይ «ለወተት»፣ «ለመድኃኒት»፣ «ለውሃ» ተብሎ በቀለም እንዲጻፍባቸው እንመክራለን።